ግርዶሹ ባለፈበት ጠዋት ካያል ቲቸር የት ነበረች

ስለ መምህርት ካያልቪዢ፣ ስለ ካያል፣ ብዙ ተወርቷል። ታማ ነው የቀረችው ይላሉ። ግርዶሹ ገና ሳይጀምር ነክቷት ነው ይላሉ። ስትፎክር ስትፎክር ቆይታ በመጨረሻ ልቧ ከዳት የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ደግሞ የተማሩት ናቸው። አልታመመችም። ምንም አልነካትም። ልቧም አልከዳትም። ቆልፈውባት ነው። ይህን የምጽፈው ሰው ሁሉ እያወቀ እንዳላወቀ ስለሚያልፈው ነው። እኔ እንደዚያ ማለፍ አልችልበትም።

በደቡብ ህንድ የዲንዲጉል ከተማ ፕላኔታሪየም፣ ሰማይ በክብ ጣሪያ ላይ የሚታይበት ቤት፣ በር ጠባቂ ነኝ። ልጆቹ "ጉልላቱ" ይሉታል። ጫማቸውን እቀበላለሁ፣ ተራ አስይዛለሁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያለቅሱትን ይዤ እወጣለሁ። ካያልንም ያወቅኳት በዚሁ በር ነው።

ያደገችው ከሽንኩርት ገበያው ጀርባ ነው፤ አባቷ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤቷ አውቶቡስ ተከራይቶ ኮዳይ ተራራ ላይ ወዳለው የፀሐይ መመልከቻ ወሰዳቸው። እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የፀሐይ ምስል ነጭ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ሳህን ያክላል፣ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሰልፍ አለፉ። ካያል ግን እጇን ዘረጋች፤ ፀሐይ መዳፏ ላይ ወጣች። መምህሩ በማስመሪያ አቀመሳት።

"የመንግሥት ንብረት አይነካም!" አላት። ፀሐይን ማለቱ ነው።

"እትዬ ሙቱ፣ አስተማሪ የሆንኩት እኮ ለዚያ ሰውዬ መልስ ልሰጥ ነው" ትለኝ ነበር እየሳቀች። መልሱን በየዓመቱ ሰጠች። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች፣ አባቶቻቸው ቆዳ የሚያለፉ፣ እናቶቻቸው በየቤታቸው የጓጉንቸር ብረት የሚሞርዱ፣ እሷ ባትኖር ኖሮ ከዲንዲጉል አውቶቡስ መናኸሪያ አልፈው የማያውቁ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሎሚ ታስይዛቸዋለች፤ የኮዳይ መንገድ እንደ እባብ ስለሚጠማዘዝ እያሸተቱ ይወጣሉ፣ ግማሾቹ ግን ሎሚያቸውን እንደያዙ ያስመልሳቸዋል። ላይ ሲደርሱ "ንኩት" ትላቸዋለች። ሁሉም ፀሐይን በመዳፋቸው ይዘው ይመለሳሉ።

ወደ እኛ ጉልላት ሲመጡ ደግሞ ሌላ ነው። የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ልጆቻቸውን ያስገቡና ራሳቸው ይተኛሉ፤ ቅዝቃዜ የሚነፋ ማሽን ስላለን። ስንት ዲግሪ የተሸከመ ሰው ሳተርን ራሱ ላይ እየዞረች ሲያንኮራፋ ሰምቻለሁ። የካያል ልጆች ግን ይጠይቃሉ። ኮከቦቹ ቀን የት ይሄዳሉ? ጨረቃ ላይ ሽንት ቤት አለ? ተራኪያችን አሪቫዛጋን እነሱ በመጡ ቁጥር በቃሉ የያዘውን ንግግር ይረሳና ከልጆቹ ጋር ይጫወት ጀመር። ቀጥሎ ከመምህርቷ ጋር። እኔ ጫማ እየደረደርኩ አይቻለሁ፤ ጎን ለጎን ቆመው ስለ ጁፒተር ሲያወሩ ጁፒተር የት እንዳለች ሁለቱም የረሱት።

የተወለዱበት ወገን፣ ካስታቸው፣ የተለያየ ነበር። ሲጋቡ አባቷ በሩን ዘጋባት፤ እስከ ዛሬ አልከፈተም። ይህን ያዙልኝ፤ "ለምን ጥላው አትሄድም?" የምትሉ አላችሁና። ወዴት?

አሪቩ፣ አሪቫዛጋንን ስናሳጥረው እንዲያ ነው የምንለው፣ መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው። አባቱ በወጣትነቱ ጣዖትና ጥንቆላ ይቅር እያለ አደባባይ የሚናገር ሰው ነበር፤ ለልጁም እውቀት የሚል ስም አወጣለት። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እናቱ ናቻማል ግን አማልክቷን ወጥ ቤት ደብቃ አኖረች። ልጁ በዚህ ሳሎንና በዚያ ወጥ ቤት መካከል አደገ። ጉልላቱ ውስጥ ግርዶሽ ሲያሳይ ድምፁ ያምር ነበር፦ "ልጆች፣ ፀሐይን የሚውጥ እባብ የለም። ጥላ ነው። የጨረቃ ጥላ። ጥላ ማንንም አይነክስም።" እኔም አምኜዋለሁ።

የመጀመሪያው ፅንሷ ጨነገፈ። ምክንያቱን ሐኪም አላወቀውም። ናቻማል ግን አወቀችው፤ ካያል ባረገዘችበት ሰሞን የጨረቃ ግርዶሽ ነበረና ልብስ ልታነሳ ግቢ ወጥታለች። አሪቩ ያን ጊዜ እናቱን ተቆጣት። ተቆጣት እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጣትም፤ አልነበረውም። ባዶ ቦታ ሲገኝ ማን እንደሚገባበት እናንተም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ፅንስ ሰባት ወር ሲሞላው፣ በታኅሣሥ፣ በከተማችን ላይ ቀለበታማ ግርዶሽ እንደሚያልፍ ተነገረ። ጨረቃ ፀሐይን መሃል ለመሃል ትሸፍናትና ዙሪያዋ ብቻ እንደ እሳት ቀለበት ይቀራል። ከሩቅ አገር ሰዎች ሻንጣ ይዘው መጡ። እኛ ሰማዩ ደጃችን ድረስ የመጣልን ደግሞ በር የምንዘጋበትን ጨርቅ ማጠብ ጀመርን። በግርዶሽ አይበላም፣ ውሃው ውስጥ የተቀደሰ ሣር ይደረጋል፣ እርጉዝ አትወጣም፣ ቢላ አትይዝም፤ ከወጣች የልጁ ከንፈር ተሰንጥቆ ይወለዳል ይባላል። ደግሞ ዘነዘናው አለ። የነሐስ ሳህን ላይ ውሃ አድርገው ዘነዘና ያቆማሉ፤ ግርዶሹ እስኪያልፍ ሳይደገፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሲያልፍ ይወድቃል። ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ያሳየዋል።

ካያል ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ዘነዘና አስመጣችና ግቢው መሃል ሳህን ላይ አቆመችው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ግርዶሽ የለ፣ ደመና የለ። ዘነዘናው ቆመ። ታችው ጠፍጣፋ ነው፤ ለምን አይቆምም? ልጆቹ ተራ በተራ አቆሙት፣ ገፍተው ጣሉት፣ እንደገና አቆሙት። ከሰዓት እናቶች ተሰብስበው መጡ።

"ልጆቻችንን ምን እያስተማርሽብን ነው?" አለች ፔቺያማል፤ የታማራይ እናት ናት፣ ጓጉንቸር ሞራጅ፣ ምላሷም እንደ ሞረዷ።

"ዘነዘና ማክሰኞም እንደሚቆም።"

"እሺ የዘነዘናው ይሁን። እኔም ድሮም ጠርጥሬዋለሁ" አለች ፔቺያማል፤ ሴቶቹ ሳቁ። "አንቺ ግን በዚህ ሆድሽ ያን ቀን ውጭ ትቆሚያለሽ?"

"ጉልላቱ ግቢ ውስጥ፣ ከልጆቼ ጋር እቆማለሁ።"

"ማይልኝ።"

"በልጄ አልምልም። እቆማለሁ ግን።"

ፔቺያማል ሆዷን አየት አደረገችና ልጇን ታማራይን ትከሻዋን ያዘቻት። "ስሚኝ ቲቸር። አንቺ ከመጣሽ ይቺ ታያለች። አንቺ ከቀረሽ እቤቷ ናት። የኛም ነገር ያው ነው፤ አይደለም እንዴ?" ሌሎቹ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውሉ ይህ ነበር። ስለዚህ ያን ጠዋት ካያል መምጣት ያለባት ቀለበት ለማየት ብቻ አልነበረም። እሷ ሆዷን ይዛ ብትቆም አርባ ልጅ ይቆማል፤ ቤታቸው ሲገቡም አንድ ፍርሃት ቀንሰው ይገባሉ። ባትቆም ከዚህ በፊት ያስነካቻቸው ፀሐይ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ለአሪቩ ነገረችው። "ትችያለሽ" አላት። ካርቶን ቆርጠው፣ በመርፌ እየበሱ፣ ብርሃኑ መሬት ላይ እንዲወርድ የሚያደርግ ማሳያ ለልጆቹ አብረው ሠሩ። አብረው! በመርፌ የበሳው እሱ ነው፤ እርጉዝ ስለት አትያዝ አለ እየሳቀ። ቀልድ መስሏት እሷም ሳቀች።

የግርዶሹ ዕለት ጠዋት እኔ በሬ ላይ ነበርኩ። ቤቷ የሆነውን እሷ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ታጥባ፣ ቢጫ ሳሪዋን ለብሳ ወጣች። ናቻማል ደጁ ላይ በሩዝ ዱቄት የምትስለውን ስዕል ጨርሳ ቁጭ ብላለች። አሪቩ ሞተር ሳይክሉን አስነስቷል። ካያል ካርቶኖቹ ያሉበትን ቦርሳ ልታመጣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ አገኘችው። ይሄን ደግሞ መቼ አደረጉት ብላ ሳትጨርስ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ። እኛ የጓጉንቸር ከተማ ሰዎች ነን፤ ያን ድምፅ ከእናታችን ድምፅ እኩል እናውቀዋለን።

"እማማ! ይክፈቱ እንጂ፣ ምን ቀልድ ነው?"

የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማች። የአማቷ አይደለም። ሞተር ሳይክሉ ሄደ።

"እማማ፣ ስለ ልጅዎ ይክፈቱልኝ። ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው።"

"ቁልፉ እኔ ጋ የለም" አለች ናቻማል ከበሩ ማዶ።

"ማን ጋ ነው?"

"ባልሽ ጋ ነዋ።"

"ውሸትዎን ነው!"

"ምነው ውሸቴን በሆነ! እኔ ጋ ተይልኝ አልኩት፤ 'አንቺ ስታለቅስ ትከፍቺላታለሽ' ብሎኝ ይዞት ሄደ።"

አስቡት። የገዛ እናቱን፣ እባብ ፀሐይን ይውጣል የምትለዋን አሮጊት፣ ልቧ ይራራል ብሎ አላመናትም። ልብ የሌለበትን ኪስ መረጠ።

ካያል በሩን ደበደበች። ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ! ግድግዳው ቀጭን የሆነ ሰፈር ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ይለዋል። ማንም አልወጣም፤ በግርዶሽ አይወጣም። ናቻማል ከበሩ ውጭ ዘነዘናዋን አቁማ መሬት ተቀመጠች፤ እሷም ካልበላች ቆይታለች፣ ሽንቷም መጥቷል፣ ምራቷን ብቻዋን ትታ መነሳት ግን ፈራች።

"እሱን ሳረግዝም ቆልፈውብኝ ነበር" አለች። "በአማቴ ቤት። ሽንቴን በማሰሮ ነው የሸናሁት። ይኸው ሙሉ ልጅ ወለድኩ።"

"ሙሉ?" አለች ካያል። አማቷ አልገባትም፤ ወይም እንዳልገባት ሆነች።

እኔ ጋ ደግሞ እንዲህ ሆነ። የኮሌጅ ጎረምሶችና እንግዶች ግቢውን ሞልተውታል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ! ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም መጡ። አጥሩ ጥግ፣ ጥላ ስር፣ በሳሪ ጫፍ የልጆቹን ራስ ሸፍነው ቆሙ። ከማርያምም ከአላህም ከሂንዱው አምላክ ከሙሩጋንም ደጅ የመጡ ነበሩ፤ ፍርሃት ሃይማኖት አይለይም። ታማራይ ግርዶሽ የሚታይበትን መነፅር ከእኔ ተቀብላ ገና ግንባሯ ላይ ነበር ያደረገችው። አሪቩ ብቻውን መጣ።

ፔቺያማል ከሞተር ሳይክሉ ሳይወርድ ያዘችው። "ቲቸር የታለች?"

ሰውዬው አያት፣ ሌሎቹንም አያቸው፣ ወደ እኔም አየ። "አሟታል" አለ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

እግዜር ያሳያችሁ። ከዓለም ቃላት ሁሉ ይህቺን መረጠ። "ከለከልኳት" ቢል ይሰድቡት ነበር፣ ይገላገላል። "አሟታል" አለ። ሴቶቹ በአንድ ላይ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ገና ሳይጀምር!" አለች አንዷ።

"ብያለሁ! ተፎካክሮ የሚያሸንፈው ማን ነው?"

"ነይ ግቢ፣ ነይ ወዲህ፣ ያንን ነገር ከፊትሽ ላይ አውልቂ!" ፔቺያማል መነፅሩን ከታማራይ ግንባር ነጥቃ ወረወረችው። ልጅቷ አላለቀሰችም። ዞር ዞር እያለች ሰማዩን ሳይሆን መንገዱን፣ መምህርቷ የምትመጣበትን መንገድ ታያለች። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመጡት ልጆች አንድም አልቀረም። "ቆዩ እንጂ! ውሸት ነው!" ብዬ ጮህኩ። በር ጠባቂ ነኝ፤ ማን ይሰማኛል?

አሪቩን ከቴሌስኮፑ ሥር አገኘሁት። "እውነቱን ንገረኝ። ምን አድርገሃታል?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ አንቺ አታውቂም። ባለፈው ጊዜ ደሙን ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ጥላ ነው ስትል አልነበር? ጥላ አይነክስም ስትል?"

"እኔ አላምንበትም። ቅንጣት አላምንበትም። ግን... ቢሆንስ?"

"ቁልፉን ስጠኝ። ሮጬ ልክፈትላት።"

"እትዬ፣ ወደ ሥራሽ ተመለሺ" አለና ቁልፉ ያለበትን ኪስ በእጁ እንደሸፈነ ወደ እንግዶቹ ሄደ። "ክቡራትና ክቡራን፣ ግርዶሽ ተፈጥሯዊ ክስተት ነው" ሲል ሰማሁት።

ቢሆንስ! እባቡን ከሰማይ አውርደን ገደልነው ብለን ነበር፤ ለካ ስም ቀይሮ ሱሪ ለብሶ ቢሮ ገብቷል። ናቻማል ብትቆልፍ አምና ነው፤ ከሚያምን ሰው ጋር ይጣሉታል፣ ይከራከሩታል፣ ማክሰኞ ዘነዘና ያቆሙለታል። ሳያምን የሚቆልፍን ሰው በምን ትከራከረዋለህ? ምን ታሳየዋለህ? እሱ ራሱ አይደል አሳዪው!

ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ፤ የተማሩ ሰዎች ይህን ክፍል በጣም ይወዱታል። ቤቱ የሸክላ ክዳን ነው፣ በክዳኖቹ መካከል ጥቃቅን ክፍተት አለ። ፀሐይ በዚያ ገብታ ወለሉ ላይ ትናንሽ ክብ ብርሃን ትጥላለች። ካያል መጮህ ደክሟት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታይ ክቦቹ ተነክሰዋል። ከዚያ እንደ ማጭድ ቀጠኑ። አየሩ ቀዘቀዘ፣ ቁራዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ወለሉ በሙሉ ቀለበት ሆነ። እሷም ተንፏቅቃ ሄዳ አንዷ ቀለበት ሆዷ ላይ እንድታርፍ ተደግፋ ጠበቀች። አረፈች። ሳሪው ላይ፣ ልክ እምብርቷ አካባቢ።

"ታዲያ አየችው እኮ!" ይሉኛል ይህን ስነግራቸው። "እንዴት ያለ ውብ ነገር ነው!" እንዲህ ሲሉኝ ጫማቸውን ልደብቅባቸው ያምረኛል። አየችው፤ ብቻዋን፣ ተቆልፎባት፣ አርባ ልጅ በየቤቱ በሳሪ ተሸፍኖ ሳለ። ቀለበቱ ለእሷ ምን አዲስ ነገር ነገራት? እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። የማያውቁት ልጆቹ ናቸው።

ከቀትር በፊት አሪቩ ተመልሶ ከፈተ። የሞቀ ውሃ አስቀርቦ ነበር፤ ከግርዶሽ በኋላ ይታጠባል። ካያል በናቻማል ፊት ባሏን ሁልጊዜ "እርስዎ" ነበር የምትለው፤ የቤቱ ወግ ነው። ያን ቀን "አንተ" አለችው።

"አንተ። ልጆቹ መጡ?"

"መጥተው ነበር።"

"የት ናት ሲሉህ ምን አልካቸው?"

የውሃውን ዕቃ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

"ምን አልካቸው?"

"አሟታል አልኩ። ምን ልበል?"

ከዚያ በፊት ምንም ብታዝን፣ እሷ እንደምትለው፣ ቁልፉን ይቅር ልትለው ታስብ ነበር። የፈራ ሰው ነው ብላ። ይህን ግን ስትሰማ ያን ሐሳብ ተወችው። ቆልፎ ማስቀረቱ ሳያንስ ለፍርሃቱ ማስረጃ አድርጓታል። በዚህች ከተማ ከእንግዲህ ለሚመጣ ግርዶሽ ሁሉ ማስፈራሪያው እሷ ናት፦ "የካያል ቲቸርን አላየሽም?"

ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቶቹን በር ላይ ጠበቀቻቸው። ሆዷ ገፍቷል። "አላመመኝም" አለቻቸው። "ባሌ ክፍል ውስጥ ቆልፎብኝ ነው።" ይህን በአደባባይ ለማለት ምን እንደሚጠይቅ እኛ ሴቶች እናውቃለን። ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ ፔቺያማል ሳቀች፤ በክፋት አይደለም፣ በቅናት።

"አንቺ የታደልሽ! ሰው ቆልፎ የሚያስቀምጣት! የኔው ሰውዬ ይቺን አርግዤ ሞረድ ስጎትት ፀሐይ ላይ ልሁን ጥላ ላይ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም።"

"የኔማ በግርዶሽ ቀን ሲጋራ ግዢልኝ ብሎ ልኮኛል!" አለች ሌላዋ።

"እንደዚህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?"

ተሳሳቁ። ካያል መሃላቸው ቆማ ቀረች። ክፍሉ ውስጥ ቢያንስ በሩ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

የካያል ልጅ በየካቲት ተወለደች፤ ሴት ናት። እናቶቹ ጣፋጭ ይዘው ሊጠይቁ መጡ፤ ሁሉም አስቀድመው ከንፈሯን ነው ያዩት። ሙሉ። ናቻማል ቀና ብላ ተቀመጠች። "መቆለፉ ነው" አለች፣ "መቆለፉ ነው" አሉ። ካያል ቀለበቱ ሆዷ ላይ አርፎ እንደነበር ነገረቻቸው። ወላድ ናት፣ ትቃዣለች ብለው ትራሷን አስተካከሉላት። ልጅቷ ታማ ብትወለድ ግርዶሹ ነው። ደህና ስትወለድ ቁልፉ ነው። በየት በኩል ትውጣ?

ቀጥሎ ኮሮና የሚሉት በሽታ መጣና አገሩ በሙሉ ተዘጋበት፤ ጉልላቱም፣ ትምህርት ቤቱም። ሲከፈት ሕፃኗ መሮጥ ጀምራለች፣ ስድስተኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ስምንተኛ ደርሰዋል። ካያል እነሱኑ ሰብስባ ወደ ጉልላቱ አመጣቻቸው። ሌላ ጉልላት የለንም። ሌላም ተራኪ የለንም። እቤት አንድ ማዕድ እየበሉ ካስፈላጊ ቃል ውጭ አይነጋገሩም፤ እዚህ ደግሞ እሱ ጨለማ ውስጥ ይናገራል፣ እሷ ከልጆቹ መካከል ተቀምጣ ትሰማለች።

ሰማዩን አጨለመ። ኮከቦቹን አወጣ። ግርዶሹ ላይ ደረሰ። "ልጆች፣ ከሁለት ዓመት በፊት በከተማችን ያለፈውን ቀለበት ታስታውሳላችሁ" አለ በዚያ ባማረ ድምፁ። "ብዙ ሰው በአጉል ፍርሃት ቤቱን ዘግቶ..."

"እኔ አልፈራሁም" አለች ካያል።

ከጨለማው ውስጥ ነው። ማይክሮፎን የላትም፤ ጉልላት ግን ድምፅ ይሰበስባል፣ ሁሉም ጆሮው ስር የተናገረች ያህል ሰማት።

"ልጆች፣ ያን ቀን አላመመኝም። ከእናንተ ጋር ልቆም ለብሼ ተነስቼ ነበር። ቤቴ ውስጥ ነው የነበርኩት፣ ውጭ በኩል ተቆልፎብኝ። የቆለፈብኝ ደግሞ..."

ፀሐይ ወጣች።

ትዕይንቱ ሲያልቅ እሱ ጋ ባለው መቆጣጠሪያ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ መብራት ይመጣል። ገና ግማሽ ላይ ነበርን። አወጣት፣ ሙዚቃውንም እስከ ጥጉ ከፈተው። ካያል አፏ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፅ የለም። ልጆቹ ፀሐይ ስትወጣ ማጨብጨብ ለምደዋል፤ አጨበጨቡ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ማሽኑ ላይ አጎንብሷል።

በዚህች ምድር ብዙ ሴት ዝም ስትባል አይቻለሁ። በፀሐይ መውጣት ዝም ስትባል ያየሁት አንዷን ብቻ ነው።

ጫማቸው ጋ ሲመጡ እንደ ድሮው ይጋፋሉ ብዬ ነበር፤ አልተጋፉም። አንድ ቁመቱ የረዘመ ልጅ ካልሲውን እየሳበ "ቲቸር፣ እኔንም አያቴ ሩዝ የሚቀመጥበት ክፍል ቆልፋብኝ ነበር" አለ።

"እኔን አልጋ ስር" አለ ሌላው። "ብወጣ እባቡ ያየኛል ብላ ብርድ ልብስ አውርዳ።"

"አንተስ አልጋ ስር ነው! እኔን አክስቴ ላዬ ላይ ተቀመጠችብኝ!"

"አክስትህን አውቃታለሁ፣ እንዴት ተረፍክ?"

ሳቁ። የትና እንዴት እንደተቆለፉ እየተሻሙ አወሩ፤ ልክ የሎሚና የማስመለስ ወሬያቸውን እንደሚያወሩት። ካያልም ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከእኔ ሌላ የሚያምናት ሰው ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ታማራይ ብቻ አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ትቋጥራለች። ቁመቷ መምህርቷን ደርሷል። ጨርሳ ቀና አለች።

"እኔን ማንም አልቆለፈብኝም፣ ቲቸር" አለች። "እማዬ ሽንት ቤት ስትሄድ በሩ ክፍት ነበር። ሮጬ መውጣት እችል ነበር። አሟታል ሲሉ ፈርቼ ከውስጥ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ።"

ካያል እጇን ወደ ልጅቷ ራስ ዘርግታ መሃል ላይ ተወችው።

"አሁንስ?" አለቻት። "አሁን ምን እንደሆነ ሰምተሽ?"

ታማራይ ወደ ጉልላቱ በር አየች፤ አሪቩ ለሚቀጥለው ቡድን ማሽኑን እያስተካከለ ነበር።

"አምኜሻለሁ" አለች። "ግን ቲቸር... ቢሆንስ?"